«የሥራው ጠባይ ነው» አትበሉኝ

(ሥራ ሊጀምሩ ለተዘጋጁ ወጣት ሃኪሞች የተደረገ ንግግር ነው። ከድምፅ ቅጂው ተገልብጦ ትንሽ ተስተካክሏል፣ አነጋገሩን ግን ብዙም አልነካሁትም።)

እንደምን ዋላችሁ። ማይኩ ይሰማል አይደል? ከኋላ ያላችሁስ? እሺ።

ከመጀመሬ በፊት እጅ ላስወጣችሁ ነው፣ ማንም እንዲያወራ አላስገድድም። በልምምድ ላይ እያላችሁ፣ በታማሚ ወይ በአስታማሚ የተሰደበ? ... በቃ ይሄን ያላወጣውን ብቆጥር ይቀለኝ ነበር። የተገፈተረ፣ የተጎተተ፣ የተመታ፣ የተተፋበት? ... ቀነሰ፣ ግን ትንሽ አይደለም። ሶስተኛው፣ ያንን ነገር ወረቀት ላይ ፅፎ ለሆስፒታሉ ያስገባ?

ሁለት። እዛ ጋ ያለችው ሦስተኛ ናት ወይስ ፀጉርሽን እያስተካከልሽ ነው? ሁለት በቃ።

እኔ ዛሬ የመጣሁት ስለ ሶስተኛው ጥያቄ ላወራ ነው። ስለ ዱላው ሁሉም ያወራል፣ ከዱላው በኋላ ስለሚሆነው ግን ማንም አያወራም፣ ምክንያቱም ከዱላው በኋላ የሚሆን ምንም ነገር የለም። ፊትህን ትታጠብና ወደ ሥራህ ትመለሳለህ።

የራሴን ልንገራችሁ። ኢንተርን፣ ማለት ተለማማጅ ሃኪም፣ እያለሁ ነው፣ የትኛው ሆስፒታል የሚለው ይቅር፣ የትም ሊሆን ይችል ነበር። ከሌሊቱ 9 ሰዓት አካባቢ አንድ ልጅ አባቱን አዝሎ ኤመርጀንሲ ገባ። አልጋ ላይ ስናወርዳቸው ትንፋሽ ነበራቸው፣ ወዲያው ግን የልብ ምታቸው ጠፋ። እየተፈራረቅን ደረታቸውን ስንጫን አርባ ደቂቃ አካባቢ ቆየን፣ አልተመለሱም። ሲኒየሩ፣ የበላዬ የነበረው ሃኪም፣ የሞቱበትን ሰዓት ጠራና ወደኔ ዞሮ «ለቤተሰብ አንተ ንገር» አለኝና ወደ ሌላ ታማሚ ሄደ። ስድስት ዓመት ስማር እንዴት እንደሚነገር አንድ ቀን እንኳን ያስተማረኝ ሰው የለም፣ ያው ሌላው ሲያደርግ ከሩቅ ነው ያየሁት።

ወጣሁ። ልጁ ኮሪደሩ ላይ ከግድግዳ ግድግዳ ይንጎራደዳል። ጓንቴን እንኳን አላወለቅኩም። ሞቱ የሚለውን ቃል አፌ እምቢ አለኝና ምን አልኩት መሰላችሁ፣ «ወንድሜ፣ አባትህ ብዙ ተሰቃይተው ነበር፣ የምንችለውን ሁሉ አድርገናል፣ አሁን አርፈዋል» አልኩት።

አርፈዋል። እስቲ ቃሉን አስቡት። ልጁ ትከሻው ሲወርድ አየሁት፣ ፊቱ ሁሉ ፈታ አለ፣ «እግዚአብሔር ይስጥህ ዶክተር! እስከ ጠዋት ይተኙ በቃ፣ እኔም እዚሁ አግዳሚው ላይ ጋደም እላለሁ» አለኝ።

ማረም ነበረብኝ፣ አላረምኩም። ምላሴ ተሳሰረ፣ በዛ ላይ ደግሞ ነርሷ አልጋ 4 ላይ ላለችው ልጅ ቶሎ ና እያለች ትጠራኛለች፣ በዛ ለሊት እኔ ብቻ ነበርኩ ለዛ ሁሉ አልጋ፣ ስለዚ እመለሳለሁ ብዬ ሄድኩ። ትንሽ ቆይቶ ልጁ ጃኬቱን አውልቆ አባቱን ሊያለብስ መጋረጃውን ገልጦ ገባ። ፊታቸው ተሸፍኗል።

ጩኸቱን እስከዛሬ እሰማዋለሁ። ከዛ የማስታውሰው ስቴቶስኮፑ አንገቴ ላይ እንደነበረና ልጁ ሁለቱንም ጫፍ ይዞ እንደጠመዘዘው ነው። ጎማው ጠንካራ ነው፣ ታውቁታላችሁ፣ አይበጠስም። ያስጣለችኝ ነርሷ ናት፣ ከሌላ ታማሚ አስታማሚ ጋር ሆነው። ጥበቃው የመጣው ልጁ መሬት ላይ ቁጭ ብሎ ማልቀስ ከጀመረ በኋላ ነው፣ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንደሚባለው። ሲኒየሩ አንገቴን በባትሪ አየና «ምንም አትሆንም፣ ፊትህን ታጠብና ና፣ ገና ስድስት ሰው አለ። የሥራው ጠባይ ነው፣ ትለምደዋለህ» አለኝ። ታጠብኩ፣ ተመለስኩ። ሁለት ሳምንት ያህል አንገቱ የተዘጋ ሹራብ ነው የለበስኩት፣ ለእናቴም አልነገርኳትም።

ሲኒየሩ መጥፎ ሰው አልነበረም፣ እሱም እንደዛ ተብሎ ነው ያደገው። ግን ያቺ «የሥራው ጠባይ ነው» የምትለዋን አባባል ነው ዛሬ ልጣላት የመጣሁት።

እስቲ ባንክ ቤት ሄዳችሁ አስቡት፣ ሰልፉ ረዘመብኝ ብሎ ገንዘብ ቆጣሪዋን በጥፊ የመታ ሰው ምን ይሆናል? ፖሊስ ይጠራል፣ ቅርንጫፉ ይዘጋል፣ ሥራ አስኪያጁ ሪፖርት ይፅፋል። ማንም ገንዘብ ቆጣሪዋን «ምን ብለሽው ነው?» አይላትም። ሃኪም ሲመታ ግን የመጀመሪያው ጥያቄ እሱ ነው። ምን ብለኸው ነው?

ቁጥር አልወድም፣ ግን ጥቂት ልበላችሁ ምክንያቱም «እኔ ላይ ብቻ ነው የደረሰው» ብላችሁ እንዳታስቡ። የዓለም ጤና ድርጅት ከጤና ባለሙያዎች ከ8 እስከ 38 በመቶው በሥራ ዘመናቸው አካላዊ ጥቃት ይደርስባቸዋል ይላል፣ ስድብና ዛቻ ሳይጨመር ማለት ነው። በ2019 እ.ኤ.አ. የወጣ ሌላ ትልቅ ስሌት አለ፣ ከተለያየ አገር 253 ጥናት ሰብስቦ ከ330 ሺህ በላይ ሰው የጠቀለለ፣ እዛ ላይ ባለፈው አንድ ዓመት ውስጥ ከታማሚና ከጠያቂ የሆነ አይነት ጥቃት የደረሰበት 61.9 በመቶ ነው። ስድብ 57.6፣ ዛቻ 33.2፣ አካላዊ ጥቃት 24.4፣ ወሲባዊ ትንኮሳ 12.4 በመቶ። በአሜሪካ ደግሞ በ2018 በጥቃት ምክንያት ለሞት ሳይሆን ለጉዳትና ለህመም ከተዳረጉ ሠራተኞች ውስጥ 73 በመቶው የጤናው ዘርፍ ሠራተኞች ናቸው። ልብ በሉ፣ ይሄ የሥራው ጠባይ ቢሆን ኖሮ እኮ ስትመዘገቡ ይነገራችሁ ነበር፣ እሳት አደጋ ስትገባ እሳት እንዳለ እንደሚነገርህ።

አሁን ማነው የሚመታው የሚለውን እንይ፣ ምክንያቱም እዚህ ጋ ሁለት የተለያየ ነገር አንድ ላይ እየቀላቀልን ነው የምናወራው።

አንደኛው ታማሚው ራሱ ነው። ታማሚ ሲመታችሁ መጀመሪያ ሃኪም ሁኑ። ስኳሩ ወርዶ ይሆናል፣ ኦክሲጅን አንሶት ይሆናል፣ ጭንቅላቱን ተመቶ ይሆናል፣ አልኮል አቁሞ ሰውነቱ እየተንቀጠቀጠ ይሆናል፣ ኢንፌክሽኑ አእምሮው ደርሶ ይሆናል። አንድ ግዙፍ ሰውዬ ነበሩ፣ አራት ሰው አልያዛቸውም፣ የአንድ ወንድ ነርስ መነፅር ሰበሩ፣ «ሰክረው ነው እሰሩልኝ» የሚል ጠፍቶ አልነበረም። አንዷ ልጅ ብቻ እንደምንም ጣታቸውን ወግታ ስኳራቸውን ለካች፣ ማሽኑ «ዝቅተኛ» ብሎ ቁጥር እንኳን አላወጣም። ግሉኮስ በደም ሥር ገባላቸው፣ ጥቂት ደቂቃ ሳይቆይ ዓይናቸውን ከፍተው «ልጆቼ፣ ምን ሆኜ ነው የያዛችሁኝ?» አሉ። እንደዚህ አይነቱን ሰው ለፖሊስ አትሰጡትም። ግን ስሙኝ፣ የነርሱም መነፅር ተሰብሯል። ታማሚው ጥፋተኛ አለመሆኑ ነርሱን ያልተጎዳ አያደርገውም፣ ሁለቱን ነገር ባንዴ መያዝ መቻል አለብን፣ እኛ ግን አንዱን ስንይዝ ሌላውን እንጥላለን።

ሁለተኛው አስታማሚው ነው፣ ያ ሌላ ጉዳይ ነው። አስታማሚው ጤነኛ ነው፣ ግን እንቅልፍ የለውም፣ ገንዘቡ እያለቀ ነው፣ ሦስት ቦታ ተልኮ ሦስቱም ጋ «እዚህ አይደለም» ተብሏል። ላብ ሄዶ ሪኤጀንት፣ መመርመሪያው ኬሚካል፣ የለም ተብሏል፣ አልትራሳውንድ ተበላሽቷል፣ አልጋ የለም ተብሎ ሪፈር ተፅፎለታል። እነዚህን ሁሉ ያላደረገው ማነው? ስሙን አያውቀውም። ፊት ለፊቱ የሚያየው ነጭ ጋዋን የለበሰ አንድ ልጅ ነው። እና ያ ልጅ የሚመታው ላደረገው ነገር አይደለም፣ መሥሪያ ቤቱ ላላደረገው ነገር ነው። እኛ በር ላይ የቆምን ሰዎች ነን በአጭሩ፣ ከኋላችን ያለው ቤት ባዶ ሲሆን የሚመታው በሩ ነው።

ሦስተኛም አለ፣ ብዙ አይወራም እንጂ፣ ከውስጥ የሚመጣው። ሲኒየር ሃኪሙ ሬዚደንቱ ላይ፣ ስፔሻሊቲ የሚማረው ሃኪም ላይ ማለቴ ነው፣ ፎልደር ሲወረውር፣ ኦፕሬሽን ክፍል ውስጥ መቀስ ሲወረወር። እሱ የራሱ ቀን ይፈልጋል፣ አልገባበትም፣ ብቻ ከላይ የሚመታ ሰው ከውጪ ሲመታ ለማን አቤት እንደሚል አስቡት።

መጠበቅ። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ ምክንያቱም እኔ ብዙው ነገር እዚህ ጋ ነው ያለው ብዬ ነው የማምነው። ሰው መጠበቅ ብቻውን አያሳብደውም፣ ምን እንደሚጠብቅ ሳያውቅ መጠበቅ ነው የሚያሳብደው። ከኋላው የመጣ ሰው ቀድሞት ሲገባ ያያል። ትራያጅ የሚባል፣ የባሰበትን አስቀድሞ የማየት ነገር እንዳለ፣ ያኛው ደረቱን ይዞ ስለመጣ እንደቀደመው ማን ነገረው? እሱ ያየው ዘመድ ያለው ሰው ቀደመ ብሎ ነው።

እንግሊዞች በ2011 አካባቢ ይሄን ነገር ለዲዛይን ባለሙያዎች ሰጡት፣ ለጥበቃ ድርጅት አይደለም፣ ለዲዛይን ባለሙያ! እነሱም ድንገተኛ ክፍል ውስጥ ገብተው ሰው የት ጋ እንደሚናደድ ሲያዩ ከረሙና ያመጡት መፍትሄ በአብዛኛው ግድግዳ ላይ የሚለጠፍ ፅሁፍ ነው። አሁን ያላችሁት እዚህ ጋ ነው፣ እዚህ ክፍል ይሄ ይሄ ይደረጋል፣ ቀጥሎ የሚሆነው ይሄ ነው፣ ከእናንተ በኋላ የመጣ ሰው ቀድሟችሁ ሊገባ ይችላል ምክንያቱም... እንደዚህ። ሁለት ሆስፒታል ላይ ሞከሩት። ከታማሚዎቹ 75 በመቶው ፅሁፉ ብስጭታችንን ቀነሰልን አሉ፣ የማስፈራራትና የጠብ አጫሪነት ባህሪ ደግሞ በግማሽ ወረደ። ፅሁፍ እኮ ነው! ካሜራም ዘበኛም አይደለም። እርግጥ ፅሁፍ ማንበብ የማይችል ሰው ላለበት ቦታ በአፍ የሚናገር ሰው ያስፈልጋል፣ አንድ ጋዋን የለበሰች ልጅ በየግማሽ ሰዓቱ ወጥታ «ሃኪሙ ኦፕሬሽን ላይ ነው፣ አልረሳናችሁም» ብትል ምን ያህል እንደሚያበርድ ያየ ያውቀዋል።

ወደ ራሳችሁ ልምጣ። ዱላ ከሰማይ አይወርድም፣ ከመምጣቱ በፊት ይታያል። አውስትራሊያ ውስጥ ድንገተኛ ክፍል ቁጭ ብለው ያጠኑ ነርሶች በ2007 አምስት ምልክት አስቀምጠዋል፣ በኛ አፍ ላስቀምጠው፤ ማፍጠጥ፣ የድምፅ መለወጥ፣ ጭንቀት፣ ለብቻ ማጉረምረም፣ መንጎራደድ። የኔን ልጅ አስታውሱት፣ ከግድግዳ ግድግዳ ሲንጎራደድ አይቼዋለሁ። አይቼ ምንም አላልኩም ምክንያቱም መንጎራደድ ምልክት እንደሆነ የነገረኝ አልነበረም። ኖርዌጂያኖችም ለአእምሮ ህክምና ዋርድ የሠሩት ስድስት ነጥብ ያለው ቅፅ አለ፣ ነርሷ በጥቂት ደቂቃ ትሞላዋለች፣ ቀጣዩ 24 ሰዓት ውስጥ ማን ሊነሳ እንደሚችል ይጠቁማል። ግራ መጋባት፣ መነጫነጭ፣ መረበሽ፣ በቃል ማስፈራራት፣ በአካል ማስፈራራት፣ ዕቃ መምታት። የደም ግፊት በየአራት ሰዓቱ እንለካለን አይደል? ይሄንን ለመለካት ምን ያቅተናል?

ጥቃቅን ነገሮችም አሉ፣ ቶሎ ቶሎ ልበላቸው። ስቴቶስኮፕ አንገት ላይ አታንጠልጥሉ፣ ኪስ አለላችሁ፣ እኔ ከዛ ቀን በኋላ አንገቴ ላይ አድርጌው አላውቅም፣ ፎቶ ለመነሳት እንኳን። የምርመራ ክፍላችሁ ውስጥ ወንበራችሁ ለበር የሚቀርበው ይሁን፣ ታማሚው በእናንተና በበሩ መሃል አይቀመጥ። ሁለት ክንድ ያህል ራቁ። የተቆጣን ሰው «ተረጋጋ» አትበሉት፣ ተረጋጋ ተብሎ የተረጋጋ ሰው አላጋጠመኝም፣ ከዛ ይልቅ «ስንት ሰዓት ሆነህ ከመጣህ?» በሉት፣ ይነግራችኋል፣ ሲነግራችሁ ይተነፍሳል። እና ሰውየው ዓይኑ ከቀላ ውጡ። መውጣት ፍርሃት አይደለም። ታማሚ ጥሎ መውጣት ነው የሚላችሁ ካለ እኔ ጋ ላኩት።

መርዶ ስትነግሩ፣ እባካችሁ ኮሪደር ላይ አትንገሩ። ቁጭ አድርጉ፣ ቁጭ በሉ፣ ብቻችሁን አትሁኑ። በ2000 እ.ኤ.አ. ለካንሰር ሃኪሞች የወጣ ባለ ስድስት ደረጃ መንገድ አለ፣ ክፍሉን አዘጋጅ፣ ምን ያህል እንደሚያውቅ ጠይቅ፣ ምን ያህል ማወቅ እንደሚፈልግ ጠይቅ፣ ከዛ ንገረው፣ ስሜቱን ተቀበል፣ ቀጣዩን አስረዳ። እኔ ብትፈልጉ አንድ የራሴን እጨምርበታለሁ። «አርፈዋል» አትበሉ። «አልፈዋል»ም አትበሉ፣ «ድካማቸው አበቃ»ም አትበሉ። ሞተዋል በሉ። ይከብዳል፣ አውቃለሁ፣ ጨካኝ የሆናችሁ ይመስላችኋል። ቋንቋችን ሞትን መሸፋፈን ይወዳል፣ ለቅሶ ቤት ያምራል፣ ኤመርጀንሲ ውስጥ ግን ያ መሸፋፈኛ አንድን ልጅ አስር ደቂቃ ሙሉ አባቱ ተኝቷል ብሎ እንዲያምን አድርጎታል። ለዛ አስር ደቂቃ ነው የመታኝ ብዬ ነው የማስበው፣ ለሞቱ አይደለም።

ቆይ ግን፣ ይሄን ስል «ጥፋቱ ያንተ ነበር ማለት ነው» የምትሉኝ አላችሁ፣ ፊታችሁ ላይ አየሁት። አይደለም። ሰው ማነቅ ወንጀል ነው፣ ያዘነ ሰውም ቢያደርገው። እኔ ግን የምጠይቀው ሌላ ነው፣ ያንን ለሊት አንድ ኢንተርን ለዛ ሁሉ አልጋ ያቆመው ማነው? መርዶ መንገሪያ አንድ ክፍል የከለከለው ማነው? ጥበቃውን ዋናው በር ላይ አቁሞ ኤመርጀንሲውን ባዶ ያስቀረው ማነው? ልጁ አንድ ለሊት ነው የተሳሳተው፣ እኔም አንድ ቃል፣ ሆስፒታሉ ግን በየለሊቱ እንደዛ ነበር የሚያድረው።

ስለ ሕግ አጭር ልበል። ብዙ አገር ሕግ አውጥቷል፣ የሚያሳዝነው አብዛኛውን ጊዜ ሬሳ ከወጣ በኋላ ነው። ቻይና በታህሳስ 2019 እ.ኤ.አ. ቤጂንግ ውስጥ አንዲት የድንገተኛ ክፍል ሃኪም በአስታማሚ፣ በታማሚዋ ወንድ ልጅ፣ ተወግታ ሞተች፣ ከቀናት በኋላ ሃኪምን መጉዳት የሚከለክል አንቀፅ ያለው የጤና ሕግ ፀደቀ። እዛ አገር እንዲያውም ሆስፒታል በር ላይ እየጮኸ ካሳ የሚያስከፍል ተከፋይ ቡድን ሁሉ ነበር፣ ለሱ ስም አላቸው፣ ዪናዎ ይሉታል። ሕንድ በኮቪድ ጊዜ በሚያዝያ 2020 ጤና ባለሙያ ላይ ከባድ ጉዳት ያደረሰን እስከ 7 ዓመት የሚያሳስር አዋጅ አወጣች። ከሦስት ዓመት በኋላ በግንቦት 2023 እዛው ሕንድ ኬራላ ውስጥ ፖሊስ ቁስሉን እንዲያስጠግን ያመጣው ሰው እዛው የነበረ መቀስ አንስቶ ወጣቷን ሃኪም ገደላት፣ ፖሊሶቹ ባሉበት። ከዛ በነሐሴ 2024 እዛው አገር ኮልካታ ውስጥ የሆነውን ሁላችሁም ሰምታችኋል፣ ረጅም ተረኛ ውላ መሰብሰቢያ አዳራሽ ውስጥ አረፍ ያለች ሬዚደንት ተደፍራ ተገደለች፣ አገር ሙሉ ሃኪም አደባባይ ወጣ። እዚህ ጋ ገዳዩ ታማሚም አስታማሚም አልነበረም። ሁሉም ስለ ወንጀሉ አወራ፣ መወራቱም ልክ ነው፣ እኔን ግን አንድ ነገር አልለቀቀኝም፣ ለምንድነው መሰብሰቢያ አዳራሽ ውስጥ የተኛችው? የሚቆለፍ በር ያለው የተረኛ ማረፊያ ለሴት ሃኪም ስንት ቦታ አለ? እናንተ የምትመደቡበት ቦታ ስትደርሱ መጀመሪያ የምታዩት እሱን ይሁን፣ ቁልፉ ይሠራል ወይ።

እንግሊዝ በ2018 የድንገተኛ አገልግሎት ሠራተኛን ለሚመታ የተለየ ቅጣት አወጣች፣ ጣሊያን በ2020 ቅጣቱን አጠንክራ መጋቢት 3ን፣ በነሱ ማርች 12፣ በጤና ባለሙያ ላይ የሚደርስ ጥቃት መከላከያ ቀን አደረገችው። የዓለም ሥራ ድርጅትም በ2019 ስምምነት ቁጥር 190ን አፅድቋል፣ በሥራ ቦታ የሚደርስን ጥቃትና ትንኮሳ መከላከል ግዴታ የሚያደርግ። ሕግ ጥሩ ነው። ግን ሐቁን እንነጋገር፣ አባቱ ከአምስት ደቂቃ በፊት የሞተበት ሰው አንቀፅ አያስታውስም። ሕጉ የሚጠቅመው ሌላ ቦታ ነው፣ ሥራ አስኪያጁ «ተዉት፣ እርቅ ይሻላል፣ የሆስፒታሉ ስም ይጠፋል» ሲል የሚከለክለው ነገር እንዲኖር ነው። ክሱን የሚያቀርበው ሆስፒታሉ ይሁን፣ ሃኪሙ ብቻውን ፖሊስ ጣቢያ አይመላለስ፣ ያንን ብትሉ እስማማለሁ።

አሁን ወደ ሶስተኛው ጥያቄ፣ መፃፍ። አሜሪካ ውስጥ ሰባት ሆስፒታል ያለው አንድ ድርጅት ላይ የተሠራ ጥናት አለ፣ በ2015 ወጥቷል። ጥቃት ደርሶብናል ካሉት ሠራተኞች 88 በመቶው የሆስፒታሉ ሲስተም ላይ አላስመዘገቡም። ሆድ ይፍጀው ብለው ነው። ሥራ አስኪያጁ ኮምፒውተሩን ከፍቶ ሲያይ ሰላም ነው! ስለዚ ገንዘብ የሚመድብበት ምክንያት የለውም። እነዚሁ ተመራማሪዎች ሌላም ነገር ሞክረዋል፣ ውጤቱ በ2017 ወጣ፣ 41 ክፍሎችን ለሁለት ከፈሏቸው፣ ለግማሾቹ የራሳቸውን ክፍል የጥቃት መረጃ ሰጧቸው፣ ማን፣ መቼ፣ የት፣ ምን ከመሆኑ በፊት፣ ከዛ ራሳቸው ቁጭ ብለው ዕቅድ እንዲያወጡ አደረጉ። መረጃ የተሰጣቸው ክፍሎች ላይ ከስድስት ወር በኋላ ጥቃቱ ካልተሰጣቸው ቀነሰ፣ በሁለተኛው ዓመት ደግሞ ጉዳቱ ቀነሰ። የተጨመረው ነገር መረጃ ነው በቃ፣ የራሳቸው መረጃ።

እኛ አንድ ቦታ ስንሠራ ሲስተም ስላልነበረን ተራ ደብተር ነርሶች ጠረጴዛ ላይ በክር አሰርን፣ እስክሪብቶውንም አሰርነው ምክንያቱም እስክሪብቶ ሆስፒታል ውስጥ አያድርም። ሰዓት፣ ቦታ፣ ምን ሆነ፣ ከዛ በፊት ምን ነበር፣ አራት መስመር። መጀመሪያ ሁሉም ሳቀ። ሦስት ወር ሳይሞላ ግን ደብተሩ አፍ አወጣ፣ ዱላ ቀረሽ ጭቅጭቁ ሁሉ የሚሰበሰበው ሁለት ቦታ ነው፣ ተረኛ ሲቀያየርና ኤክስሬይ በር ላይ። ኤክስሬይ በር ላይ ለምን? ሄደን ቆመን አየን። አንዱ በር ለተኝቶ ታካሚ አንዱ ለተመላላሽ ነው፣ ከውጪ ግን አንድ ሰልፍ ነው የሚመስለው፣ ስለዚ ወንበር የሚገፋ ዋርድ ሠራተኛ ሰልፉን ሲያልፍ ሰው ሁሉ ቀደመኝ ይላል። አግዳሚ ወንበሩን ወደ ሌላኛው ግድግዳ አዞርነው፣ በሩ ላይ ሁለት ወረቀት ለጠፍን። በቃ። እዛ በር ላይ የተፃፈው ነገር ከዛ በኋላ እየሳሳ ሄደ። ማንም ያልፃፈ ቢሆን ኖሮ እዛ ያለው ራዲዮግራፈር «ጠበኛ ነው» ተብሎ ነበር የሚቀረው፣ እንዲያውም ሊቀየር ነበር።

ስለ ተደጋጋሚ አጥቂ አንድ ነገር፣ አሜሪካ ፖርትላንድ ያለ የቀድሞ ወታደሮች ሆስፒታል በ1980ዎቹ ከዚህ በፊት ጥቃት ያደረሱ ታማሚዎችን ፋይል ላይ ማስጠንቀቂያ አድርጎ ጥቃቱ በ91.6 በመቶ ወረደ ተብሎ በ1989 ታትሟል። ቁጥሩ ያማልላል። እኔ ግን ትንሽ እፈራዋለሁ፣ ምልክት የተደረገበት ሰው ዘላለም ምልክት እንደተደረገበት እንዳይቀር፣ አንድ ቀን ስኳሩ ወርዶ የተሳደበ ሰው በሚቀጥለው ሲመጣ አራት ጥበቃ እንዳይጠብቀው። ምልክቱ ማን እንደሚያነሳው፣ መቼ እንደሚነሳ ካልተፃፈ አታድርጉት።

እሺ፣ ሰዓቱም እየሄደ ነው፣ ጥያቄ ልቀበል።

(ከፊት ረድፍ የተቀመጠች ነርስ፤ «ዶክተር፣ ሙሉውን ስለ ሃኪም ነው ያወሩት፣ እኛስ?»)

ልክ ነሽ እህቴ፣ ተያዝኩ። ርዕሱን የሰጡኝ እንደዛ ብለው ነው፣ ግን ማምለጫ አይሆነኝም። ታማሚው ጋ 24 ሰዓት ያለሽው አንቺ ነሽ፣ እኔ ራውንድ ጨርሼ እሄዳለሁ፣ ቁጣው የሚደርሰው ቀድሞ ላንቺ ነው። ካርድ ክፍል ያለችው ልጅና በር ላይ ያለው ጥበቃም እንደዛው። አንገቴን ያስለቀቀችውን ነርስ በዛ ለሊት የልጁ ክርን ከንፈሯን መትቷት ነበር፣ ማንም አልጠየቃትም፣ እኔም ጭምር። ደብተሩ ላይ የሁሉም ስም እኩል ነው የሚፃፈው።

(ከኋላ፤ «ዶክተር፣ ሪፖርት ብናደርግ ሲኒየሮች ደካማ ነው ይሉናል፣ ውጤታችንም በእጃቸው ነው።»)

ይላሉ። ስለዚ ብቻችሁን አትፃፉ። አብሯችሁ የነበረው ሰውም ይፃፍ፣ በዛው ቀን፣ ስሜታችሁን ሳይሆን የሆነውን፣ ሰዓት፣ ቦታ፣ ማን አየ። ቁስል ካለ እንደማንኛውም ታካሚ ካርድ አውጥታችሁ ታዩ፣ ካርድ የሌለው ቁስል ነገ ማስረጃ የለውም። እና እዚህ ያላችሁ ሲኒየሮች፣ አንድ ሦስት አይቻለሁ፣ ኢንተርናችሁ ሲመታ «ፊትህን ታጠብና ና» አትበሉት። ወደ ቤት ስደዱት። ስድስት ሰው ካለ ስድስቱን እናንተ እዩ።

(አንድ ወጣት፤ «ልጁን ከዛ በኋላ አግኝተውት ያውቃሉ?»)

... አንዴ። ሳምንት አልሞላውም። የሞት ሰርተፍኬት ሊያወጣ መጣ፣ የዛን ዕለት ካርዱ ላይ ስሜ ስለነበረ መፈረም ያለብኝ እኔ ነበርኩ። ጥቁር ለብሷል፣ ጢሙ አድጓል። እኔ ያቺን ሹራብ እስከ አገጬ ስቤያለሁ። አላወቀኝም። የአባቱን ስም ፊደል በፊደል ነገረኝ፣ የሞቱበትን ሰዓት ፃፍኩ፣ ምክንያቱን ፃፍኩ፣ ፈረምኩ። «እግዚአብሔር ይስጥልኝ ዶክተር» አለኝና ወረቀቱን አጥፎ ደረት ኪሱ ከትቶ ወጣ።

ሌላ ጥያቄ ያለው?